ጋሽ ዘርጋ ጀርባ የሰጡት መኪና

በዚያ ቅዳሜ ረፋድ ዘነበወርቅ አካባቢ ካለው መኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። ጋሽ ዘርጋ ነበሩ፤ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው። ባለቤታቸው እትዬ አመለ ነበሩ፤ ለገበያ ብቻ የሚያወጡትን ነጠላ ደርበው። ሹፌሩ ኃይሉ ነበር፤ የመኪና ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ። ደላላው ምትኩ ነበር፤ ሁለት ስልክ በአንድ እጁ ይዞ። የግቢው ባለቤት ፍቃዱ ነበር፤ እሱን ያወቅነው ያን ቀን ነው። እኔም ነበርኩ፤ ሜትሬን ኪሴ ከትቼ። ሌላ ሰው አልነበረም። በር ላይ የተኛ ውሻ ነበር፤ እሱ ግን እስክንወጣ ድረስ አልነቃም።

ከስድስታችን ዛሬ የሌሉት ጋሽ ዘርጋ ብቻ ናቸው። ባለፈው ኅዳር ብዙም ሳይታመሙ አረፉ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የቀረነው አምስታችንም ተገናኘን፤ ፍቃዱ እንኳ መጥቶ ነበር። ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደዚያች ቅዳሜ ተመለሰና አምስታችን አምስት ዓይነት አወራን። ስለዚህ እኔ ያየሁትን ሳይረሳኝ ጽፌ ለአራቱም ላስነብባቸው ብዬ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ዘርጋ ኮልፌ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ነበራቸው። የኔ የበርና መስኮት መሥሪያ ከሳቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ምስማር በጋዜጣ ጠቅልለው ከመሸጥ የጀመሩ ሰው ናቸው። በኋላ ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና አጠና ጨመሩ። ምስማሩን ግን እስከ መጨረሻው በጋዜጣ ነበር የሚጠቀልሉት፤ "ላስቲክ ምስማር አያከብርም" ይሉ ነበር።

ሰፈሩ ግን ጋሽ ዘርጋን የሚያውቃቸው በምስማር ሳይሆን በበሬ ነው። ለመስቀልም ለፋሲካም ጎረቤቱ አዋጥቶ አንድ ሰንጋ ገዝቶ ቅርጫ ሲከፋፈል፣ በሬውን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው የመረጠበት አንድ ዓመት ነበር ይባላል። የዚያ ዓመት ሥጋ እስከ ዛሬ በአንዳንድ ሰው ጥርስ መሃል አለ እያለ ምትኩ ይቀልዳል።

የአመራረጣቸው ሕግ አንድ ነበር። "የፈለግኸውን በሬ አትየው" ይላሉ። "ካየኸው ዋጋው ቀንድ ያበቅላል።"

አንድ የፋሲካ ሰሞን ከብት ተራ ተከትያቸው ሄጄ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ገና ስንገባ ሻኛው ከስብ ብዛት ወደ ጎን ያዘነበለ ጥቁር ሰንጋ ቆሟል። ጋሽ ዘርጋ በዓይናቸው ጠርዝ አንዴ ነካ አድርገውት ጀርባቸውን ሰጡት። ከዚያ የጎድኑ አጥንት በሩቅ የሚታይ ነጭ በሬ ዘንድ ሄደው ሙግት ከፈቱ። ጥርሱን ነቀፉ። ጭራውን አንሥተው ነቀፉ። ባለቤቱን "ይሄ በሬ ነው ወይስ የበሬ ፎቶ?" አሉት። ባለቤቱ ተቆጣ፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ገበያው ሁሉ ፊቱን ወደ ነጩ አዞረ። የጥቁሩ ሰንጋ ባለቤት ብቻውን መቅረቱን ሲያይ ገበያ እንዳያመልጠው ሠጋ። ይሄኔ ምትኩ እንደ መንገደኛ ጠጋ ብሎ ጥቁሩን ዝቅ ባለ ዋጋ ተስማማበት፤ እጅ ተማቱ። በሬ ገበያ እጅ ከተመታ በኋላ መመለስ የለም።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። ጋሽ ዘርጋ ጀርባ ይሰጣሉ፣ ምትኩ ጀርባ የተሰጠውን ይገዛል። በመሃላቸው ቃል አይለዋወጡም፤ ጥቅሻ እንኳ የለም። "ጥቅሻ ነጋዴ ያያል" ይላሉ ጋሽ ዘርጋ። "ጀርባ ግን ሰው ሁሉ ስላለው ማንም አይጠረጥረውም።"

ሕጉ ከብት ተራ ብቻ አልቀረም። ቲማቲም ሲገዙም የሚፈልጉትን መደብ አያዩም። ሴት ልጃቸውን ሊያገባ የመጣውን ልጅ ሽማግሌዎቹ ፊት አንዴም ቀና ብለው አላዩትም፤ ከሚዜው ጋር ብቻ ሲከራከሩ ዋሉ። ልጁ ተንቄያለሁ ብሎ እንባው ሊመጣ ሲል እትዬ አመለ ጠጋ ብለው "አይዞህ ልጄ፣ ተገዝተሃል" አሉት።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። ጋሽ ዘርጋ ሰማያዊ አሮጌ የጭነት መኪና ነበራቸው። ሰፈሩ "ሰካራሙ" ይለዋል። ናፍጣ ስለሚጠጣ ብቻ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይም ስለሚንገዳገድ ነው። ኃይሉ ለሰካራሙ ናፍጣ ለማግኘት ማደያ ሰልፍ ላይ ይውላል። ቁርሱን ቋጥሮ ይሄዳል፤ ምሳውን እትዬ አመለ ይልኩለታል። በዚያ ሁሉ ልፋት ያገኛትን ሰካራሙ ቀራንዮ ደርሶ ሲመለስ ይጨርሳታል።

"ኃይሉ" ይላሉ እትዬ አመለ፣ "እኛ የምንሠራው ለልጆቻችን ነው ወይስ ለዚህ መኪና?"

"እትዬ፣ ልጆቻችሁ አድገዋል እኮ" ይላል ኃይሉ። "ይሄ ገና ነው።"

ቀልዱ እየቀነሰ የመጣው ትልልቆቹ መደብሮች ዕቃ በራሳቸው መኪና ደንበኛ ቤት ድረስ ማድረስ ሲጀምሩ ነው። ደንበኛ አንድ በአንድ ሄደ። የቀሩት ወይዘሮ ሰብለ ነበሩ። መድኃኒት ቤት አላቸው፤ ቀራንዮ ዳገቱ አናት ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ማሠራት ጀምረው ነበር። ፌሮውንም፣ ሲሚንቶውንም፣ ቆርቆሮውንም እስከ ጣሪያ ድረስ ከጋሽ ዘርጋ ሊገዙ ቃል ገቡ። ሰካራሙ ግን የመጀመሪያውን ጭነት ይዞ ዳገቱ መሃል ሲደርስ ደከመውና እንዳመጣጡ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጋሽ ዘርጋ ከኋላ ሆነው ታኮ ባያስገቡለት፣ ማለት ጎማው ሥር የሚሸጎጠውን እንጨት ባይጥሉለት፣ ታች ያለው ሻይ ቤት ውስጥ ይገባ ነበር።

ወይዘሮ ሰብለ ሱቁ ድረስ መጡ። ጨዋ ሴት ናቸው፤ ቆመው ነው የተናገሩት።

"ጋሽ ዘርጋ፣ እርስዎን ትቼ መሄድ አልፈልግም። ግን አናጺዎቼ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሰኞ ጠዋት ጭነቱ ግቢዬ ካልገባ ትልቁ መደብር ጋ እደውላለሁ።"

"ሰኞ ይገባል" አሉ ጋሽ ዘርጋ።

"በምን?"

"በመኪና ነዋ፤ በምን ይገባል?"

ሴትዮዋ ሰካራሙን አይተው ሄዱ። እትዬ አመለ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አሉ። "ይሄም ካመለጠን" አሉ፣ "ሱቁን ዘግተን ቁልፉን ለባለቤቱ እንመልስ። አገር ቤት መሬት አለን፤ እንሰት እንተክላለን።"

"እኔ ሱቅ ዘግቼ አላውቅም" አሉ ጋሽ ዘርጋ። እውነታቸውን ነበር። እሑድ እንኳ ግማሽ በር ነው የሚዘጉት።

በዚያው ሳምንት እቁብ ወጥቶላቸው ነበር። በዚያና ሰካራሙን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጠው በሚገኘው ገንዘብ መኪና ለመግዛት ተወሰነ። ዓርብ ሱቁ ውስጥ ምክክር ተቀመጥን። የሚፈለገው ነገር ግልጽ ነበር፦ ከአቅም የማያልፍ፣ ነዳጅ የማይበላ፣ ፌሮና ሲሚንቶ ይዞ ቀራንዮን የሚወጣ። ችግሩ ሦስቱን ባንድ ላይ ማግኘት ነው። እኔ ትምህርቴን ከስልክና ከሰው ወርክሾፕ የለቀምኩ ስለሆንኩ ሳምንቱን ሙሉ ስለ መኪና ሳነብ ሰንብቼ ባለሦስት እግሩ የጭነት ባጃጅ ይሻላል አልኩ። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ነዳጅ የሚቀምሰው በጠብታ ነው። ኃይሉ በበኩሉ ከባለ ናፍጣ ፒክአፕ ሌላ መስማት አልፈለገም፤ "ጭነት የሚጭን ነገር መጮህ አለበት" ነው ክርክሩ። እትዬ አመለ ነጭ እስከሆነ ድረስ ግድ የላቸውም።

"አንተ ሜትር" አሉኝ ጋሽ ዘርጋ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። "የሰውን አሳብ ሰማን። ወረቀትም ስልክም ጭነት አይጭንም። በሬ ቆሞ አይመረጥም፤ ተነድቶ ነው።"

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሰካራሙ ላይ የራሳችንን መፈተኛ ጭነት ጫንን፦ ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶና ለሁለት የታጠፈ አንድ እስር ፌሮ። እንደዚያ ሆነን ፍቃዱ ግቢ ገባን። ፍቃዱ መኪና ልንሸጥለት የመጣን መስሎት ከወንበሩ ሳይነሣ "አሮጌ አንገዛም" አለ።

ጋሽ ዘርጋ ግቢውን ልክ እንደ ከብት ተራ ዞሩት። መኪኖቹን ሁሉ ከኋላ ነበር የሚጀምሩት። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ጣታቸውን ከተው ጥላሸቱን ያሸታሉ። ጎማውን በከዘራ ቸብ ያደርጋሉ። የሞተሩን ክዳን አስከፍተው ጥርስ እንደሚያይ ሰው አንገታቸውን ያስገባሉ። ለእያንዳንዱም ፍቃዱን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ "ምን ይበላል?"

መጀመሪያ የኔ ባለሦስት እግር ተፈተነ። ጭነቱን አዛወርንበት። ግቢው ውስጥ ወደ መኪና ማጠቢያ የሚያወጣ አጭር የሲሚንቶ ዳገት አለ፤ ኃይሉ ተሳፍሮ ሊወጣው ሞከረ። የፌሮው ጭራ ወደ ኋላ ጎተተው። ፊት ያለችው አንዷ ጎማ ቀስ ብላ ከመሬት ተነሣች። ባለሦስት እግሩ ቅጠል ሊቀነጥስ እንደተንጠራራ ፍየል በሁለት እግሩ ቆመ። ኃይሉ መሪውን ይዞ ሰማይ ሰማዩን እያየ ቀረ።

"ኃይሉ!" አሉ እትዬ አመለ። "እዚያ ላይ ምን ይታይሃል?"

"ቀራንዮ አይታይም እትዬ!"

አራት ሆነን አፍንጫው ላይ ተንጠልጥለን አወረድነው። ጋሽ ዘርጋ ወደኔ ዞረው "አንተ ሜትር፣ ስልክህ ስለዚህ ምን ይላል?" አሉኝ። ስልኬ ስለዚህ ምንም አላለም ነበር።

ቀጥሎ ፒክአፑ መጣ። አሮጌ ቢሆንም ትከሻው ሰፊ ነው። ኃይሉ ሲያስነሣው ግቢው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ዘርጋ ፊታቸው ላይ ያን ቀን ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ልጅ ሆነው የሚያውቁትን ሰንጋ ያገኙ ይመስሉ ነበር። ወዲያው ግን ተሸፈነና ነቀፋው ጀመረ። "ጥርሱ ያለቀ ነው። ይስላል። ሲተነፍስ እየሰማኸው ነው?" ከፍቃዱ ጋር ድምፃቸው ከፍ አለ። ከጭነቱ ጋር ዳገቱን ወጣ፤ የነዳጁ መርፌ ግን እያየናት ወደ ታች ትጓዛለች። ዋጋውም ከአቅም በላይ ነበር። ያም ሆኖ ጋሽ ዘርጋ ከፒክአፑ አልተላቀቁም።

በመሃል ፍቃዱ "አባቴ፣ ነዳጅ ካስጨነቀዎት ያንን ይዩ" አለና ከጥግ የቆመ አጭር ነጭ የጭነት መኪና አሳየ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። እትዬ አመለ "ያምራል" አሉ።

"ምን ይበላል?" አሉ ጋሽ ዘርጋ።

"ምንም! ማታ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ጠዋት ይነሣል።"

"ድምፁን አሰማኝ።"

ፍቃዱ አስነሣው። ምንም አልተሰማም። ጋሽ ዘርጋ ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ተነሥቷል?"

"ተነሥቷል አባቴ።"

"የማይበላና የማይጮህ በሬ" አሉ ጋሽ ዘርጋ፣ "በኛ አገር የታመመ ነው።" ይህን ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። ተመልሰው ፒክአፑ ጋ ሄዱና ከፍቃዱ ጋር ሙግታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ነጩን አንዴም ዞረው አላዩትም።

ምትኩ ይህን ሁሉ ከዳር ሆኖ ያያል። ቀብዱን እንደ ልማዳቸው ጠዋት ተቀብሎ ኪሱ ይዟል። እኔም ያየሁት እሱ ያየውን ነው፤ የግራጫውን ኮት ጀርባ። ምትኩ ተንሸራቶ ሄደና የፍቃዱን ወንድም ከቢሮ ጠራው። (ይቅርታ፣ ወንድሙን መጀመሪያ አልጠራሁትም፤ ከቢሮው ወጥቶ ተመልሶ ስለገባ ነው።) ጥግ ላይ ጥቂት አጉረመረሙ። ከዚያ የእጅ መማታት ድምፅ ሰማሁ። ጭብጨባ የሚያህል ድምፅ ነበር።

ምትኩ ፊቱ አብርቶ መጣ። "እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ!"

"በምኑ?"

"ጨረስኩት! በጨዋ ዋጋ። ቀብድ ሰጠሁ፣ እጅ ተማታን።"

"የቱን?"

"ነጩን ነዋ።"

ጋሽ ዘርጋ የፒክአፑን በር እንደያዙ ቀሩ። "ማን ግዛ አለህ?"

"ጀርባ ሰጡታ!"

"ጠልቼው ነዋ ጀርባ የሰጠሁት!"

"ጋሼ!" አለ ምትኩ፤ ሁለቱም ስልኮቹ እየጮሁ ነበር፣ አላነሣቸውም። "እኔ በምን ልወቅ? የመውደድዎም የመጥላትዎም ጀርባ እኮ አንድ ነው!"

ፍቃዱ እንደ ጨዋ ሰው "ይቅር ካላችሁ እንነጋገር" አለ። ጋሽ ዘርጋ ከዘራቸውን አንሥተው ከለከሉት። "በዘርጋ ስም የተመታ እጅ አይመለስም" አሉ። "በሬው ቢሞትም ቆዳውን ይዤ እሄዳለሁ።"

ወደ ኮልፌ ስንመለስ ጋሽ ዘርጋ ወደ ደላላቸው ዞሩ። "ምትኩ፣ የሚመጣውን ፋሲካ በሬ አንተው ምረጥ።"

"ሰፈሩ አይስማማም ጋሼ" አለ ምትኩ። "ጥርሱን ያስባል።"

እትዬ አመለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አላወቅሁም።

ነጩ መኪና እሑድ ጠዋት መጣና በኔ መሥሪያ ለብየዳ ባስገባሁት የመብራት መስመር ተሰካ። ጭነት መያዣውን ለካሁት፤ ሁለት ሜትር ከሰባ። የታጠፈ ፌሮ ስድስት ሜትር ነው። እንዲሁ ቢጫን እንደ ባለሦስት እግሩ ጭራው ይጎትተዋል። ስለዚህ ከኋላ ተነሥቶ ከሹፌሩ ጣሪያ በላይ አልፎ ወደ ፊት የሚወጣ የብረት መደርደሪያ፣ ፖርቶ መጋላ፣ ልሠራለት ጀመርኩ፤ ፌሮው ክብደቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች እንዲያካፍል።

ጋሽ ዘርጋ ከመድኃኔዓለም ሲመለሱ መጡ። ፖርቶ መጋላው ግማሽ ደርሷል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በሩ ላይ ቆሙና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሰው በር ማየት ጀመሩ።

"ያን በር ማነው የበየደው?"

"አላውቅም ጋሽ ዘርጋ።"

"ዶሮ የጫረው ይመስላል።" ስለዚያ በር ረዘም ላለ ጊዜ አወሩ፤ ስለ ማጠፊያው፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቁልፉ። እኔ ስለምሠራው ምንም ሳይሉ፣ ሳይዞሩም ሄዱ። እኔም ብየዳዬን ቀጠልኩ።

ሰኞ ጠዋት ጫንን። ሲሚንቶው ከሥር፣ ፌሮው ከላይ። ኃይሉ መሪ ያዘ፤ እኔና ምትኩ ከጎን ከጎን ሄድን፤ እትዬ አመለ ቤት ይቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለው ከኋላችን መጡ። ጋሽ ዘርጋ የሰካራሙን አሮጌ ታኮ በሁለት እጃቸው ታቅፈው የነጩን የኋላ ጎማ እግር በእግር ተከተሉ። ወደ ኋላ መመለሱን አልተጠራጠሩም፤ ያልታወቃቸው የት ቦታ እንደሚሆን ብቻ ነው።

ነጩ መኪና የኮብልስቶኑን ዳገት ያዘ። ድምፁ የጎማው ብቻ ነው። ሰው አይሰማውም፤ እየደረሰበት ሲያይ ብቻ ይበረግጋል። ልክ ሰካራሙ ወደ ኋላ የተመለሰበት ቦታ፣ ዳገቱ ከሁሉ የሚከብድበት ላይ ስንደርስ፣ የፉርሽካ ጆንያ የተጫነች አህያ መንገዱ መሃል ቆማለች። መኪና መምጣቱን አልሰማችም። ኃይሉ ክላክስ አደረገ፤ ክላክሱም ጨዋ ነበር። አህያዋ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ኃይሉ ፍሬን ያዘ። ሙሉ ጭነት ይዘን፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ቆምን።

ጋሽ ዘርጋ በጉልበታቸው ወርደው ታኮውን ጎማው ሥር ሸጎጡ፤ በመዳፋቸውም ደገፉት። ዳገቱ አናት ላይ ወይዘሮ ሰብለ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ ስልክ ይዘዋል።

"ያቺን አህያ አንሡልኝ!" አለ ኃይሉ በመስኮት።

"ባለቤቷ ሻይ ቤት ነው!" አለ አንድ ሰው።

ምትኩ ሮጦ ሄደ። ደላላነቱ የጠቀመን ያኔ ነው፤ አህያዋን ምን እንዳላት አላውቅም፣ ብቻ ወደ ዳር ወጣችለት።

"ልነሣ?" ብሎ ጮኸ ኃይሉ።

ጋሽ ዘርጋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ተነሣ!"

ሁላችንም ወደ ኋላ የሚመለሰውን ጎማ ጠበቅን። ጎማው ወደ ፊት ሄደ። ሳያጉረመርም፣ ሳይስል፣ ፌሮውን አናቱ ላይ ተሸክሞ ሽቅብ ተጓዘ። ጋሽ ዘርጋ ዓይናቸውን ሲከፍቱ መኪናው የለም፤ ታኮው ብቻ እጃቸው ላይ ቀርቷል። እንደተንበረከኩ ናቸው።

"ሰውዬ ተነሥ!" አሉ እትዬ አመለ። "በሬህ ሄደ!"

አናቱ ላይ ስንደርስ ወይዘሮ ሰብለ በሩን አስከፍተዋል። "ድምፅ ስላልሰማሁ የቀራችሁ መስሎኝ ልደውል ነበር እኮ" አሉ።

ጋሽ ዘርጋ የሱሪያቸውን ጉልበት አራገፉ። "ጨዋ በሬ አይጮህም" አሉ።

ምትኩ መታገሥ አልቻለም። "ጋሼ! ታሟል ብለውት አልነበር?"

"ማን? እኔ?"

"ጠልቼው ነው አላሉም?"

"አንተ ምትኩ፣ ስንት በሬ አብረን ገዛን? ጀርባዬን እያየህ ትጠይቀኛለህ?"

ሱቁ አልተዘጋም። የወይዘሮ ሰብለ ቤት ጣሪያው ድረስ በነጩ መኪና ተመላልሶ አለቀ። ሰካራሙ ተሸጠ፤ ሲወስዱት ኃይሉ አላይም ብሎ ቤቱ ሄዶ ተኛ። ጋሽ ዘርጋ ሁልጊዜ ማታ ማታ ወደ መሥሪያዬ ብቅ ይሉና መኪናውን ሳያዩ "በላ?" ይሉኝ ነበር። መብራት በጠፋ ቀን "ዛሬ ጾመኛ ነው" እላቸዋለሁ፤ "ጾም ለሁሉም ነው" ብለው ይሄዳሉ። ለምትኩ የበሬ ምርጫውን አልሰጡትም። ለተከታዩ ፋሲካ እንደ ወትሮው ጀርባ ሰጡ፣ ምትኩም እንደ ወትሮው ገዛ፤ እጅ ከመማታቱ በፊት ግን እየመጣ "የቱ ጀርባ ነው ጋሼ?" እያለ አስቸገራቸው።

ያረፉ ቀን የዕድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ያመጣው ነጩ መኪና ነው። መምጣቱን ማንም አልሰማም። ቀና ስንል ቆሞ ነበር።

አሁን አራታችሁን እኔ የማላውቀውን ልጠይቃችሁ። ቅዳሜ ዕለት ለነጩ መኪና ጀርባ ከሰጡ በኋላ እስከ እጅ መማታቱ ድረስ እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ያየሁት የኮታቸውን ጀርባ ብቻ ነው። ፒክአፑን እንደዚያ ማየታቸው ከሕጋቸው ውጪ ነበር፤ የሚፈልጉትን አያዩምና። ታዲያ እውነት ፒክአፑን ወደው ሕጋቸውን ረሱ? ወይስ እንደ ከብት ተራው ነጭ በሬ አድርገው ይነቅፉት የነበረው አውቀው ነው? ከፊታቸው የቆማችሁት እትዬ አመለ፣ ኃይሉና አንተ ፍቃዱ ናችሁ። ምትኩ ተንሸራቶ ወደ ጥጉ ሲሄድ ፊታቸው ምን ይመስል ነበር? አህያዋንስ ምን እንዳላት ምትኩ ራሱ ይጨምርበት። የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ለእትዬ አመለ ብቻ። የቤታችሁን የውጪ በር ሠርቼ የተከልኩ ዕለት ጋሽ ዘርጋ በሩን ሲረከቡኝ አላዩትም። ጀርባቸውን ሰጥተውት መንገድ መንገዱን እያዩ ቆሙ፤ "ጨረስክ?" አሉኝና ገቡ። እርስዎ ያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ከሱቅ ሲመለሱ ነበር፤ ፊታቸውን ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። የቱ ጀርባ እንደነበረ እሱንም አብረው ቢነግሩኝ።